ካምቢዮው ነው አሉ

ፀሎት ሰፈር ውስጥ ቅጽል ስም አላት። «ጉግል» ነው የሚሏት። እኔ ራሴ «ጉግሊዬ፣ ወረቀት አልቋል» ነው የምላት። አብረን ነው የምንሠራው፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለምን አልፋችሁ ወረድ ስትሉ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስትጀምር እንደ አሮጌ ላዳ የምታስል ፎቶ ኮፒ ማሽን። ማሽኗ የኔ ናት፣ ኮምፒውተሩ የፀሎት።

ድሮ ሰው የሚመጣው ፎርም ሊያስሞላ ወይ የልጁን ፈተና ውጤት ሊያይ ነበር። በኋላ ግን ጥያቄ ይዞ መምጣት ጀመረ። «ፀሎት፣ ይሄ ኪኒን ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?» «ፀሎት፣ ሰፈራችን ሊፈርስ ነው የሚሉት እውነት ነው?» እሷ ደግሞ ዝም ብላ አትመልስም። መጀመሪያ ራሷ ነች የምትጠይቅህ።

«ምንጭህ ማነው?»

«ፌስቡክ ላይ አየሁት» ካልካት አለቀልህ። «ፌስቡክ ሰው አይደለም። ማን ጻፈው? መቼ? የት ሆኖ?» እያለች ታፋጥጥሃለች። አንድ ሕግ አላት፣ የማይተዋወቁ ሦስት ምንጮች አንድ ዓይነት ነገር ካላሉ ከሷ አፍ አይወጣም። ደግሞ ከኢንተርኔት ብቻ አትወስድም፣ ከሰው ብቻም አትወስድም። ታቀላቅላለች። ከኢንተርኔቱ በጣም የምትወደው ካርታውን ነው፣ ያንን ከሰማይ የተነሳውን። «ካርታ ወሬ አያውቅም» ትላለች። ከዛ ደግሞ የሾፌሮች፣ የነጋዴዎች፣ የተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለላችሁ፣ የማትገባበት የለም። ከሰው ደግሞ አንደኛ ጆሲ ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ። «ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው አይዋሽም፣ ስለዚህ ጆሲ የሚሰማው እውነት ነው» ትላለች። ሁለተኛ ነኢማ፣ ባለ ሱቋ። ማን ስንት ዳቦ እንደገዛ የሚያውቅ ሰው የማን ቤት እንግዳ እንዳለ ያውቃል። ሦስተኛ ጋሽ ወልደ አማኑኤል፣ የእድራችን ዳኛ። አራተኛ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የኔ እናት። እናቴ ኤልሳቤጥ ጴንጤ ናት፣ ጠንካራ። ስልክ ተደውሎላት «የለችም ልበላቸው?» ብትሏት እንኳ «አለሁ ግን ማውራት አልፈልግም» ብላ ራሷ የምትመልስ ሴትዮ።

አንድ ጊዜ የቤቴል ታክሲ ከአየር ጤና መነሳት አቆመ ተብሎ ወሬው ቴሌግራሙን ሁሉ ሞላው። ሰው በእግሩ መሄድ ጀመረ፣ እውነቴን ነው። ፀሎት እኔን ጎትታ አየር ጤና ወሰደችኝ። ፀሐይ ላይ ቆመን አየን። ታክሲዎቹ ተደርድረዋል። ተራ አስከባሪውን «ወደ ሌላ ቦታ ተዛወራችሁ የሚባለው እውነት ነው?» ስትለው ከት ብሎ ሳቀባት። «እህቴ፣ እኛ የት እንሄዳለን? እዚሁ እኮ ነው የተተከልነው!» ፎቶ አነሳች፣ ግሩፖቹ ላይ ለጠፈች፣ በቃ። ከዛን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ፀሎት ብላለች?» ነው የሚለው። ብላለች ከተባለ አለቀ።

እና እማማ ወርቅዬ ወደሷ መምጣታቸው አይገርምም።

እማማ ወርቅዬ ቅመም ነጋዴ ናቸው። ከወልቂጤ ማዶ ነው የመጡት፣ ገና ልጅ እያሉ፣ ሙሽራ ሆነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው ደግፌ ብቻ ነው። ደግፌን ብታውቁት ትወዱት ነበር። የተሳቢ ሾፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር። ሲመጣ ሰፈሩ ውስጥ መኪናው ስለማይገባ ከላይ አስፋልቱ ላይ አቁሞ ክላክሱን ሁለቴ ይነፋል፣ እማማ ደግሞ ከጓዳቸው ሆነው «መጣ ያ ጋኔን!» ይላሉ። ጮክ ብለው። ደስ ሲላቸው እንደዛ ነው የሚሳደቡት።

የእማማ ዓይን በሞራ ተሸፍኖ ኮረሪማና በርበሬ መለየት እስኪያቅታቸው ደርሶ ነበር። ደግፌ ነው ጎትቶ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ወስዶ ያሠራቸው። «ሔለንን ላገባ ነው፣ ቆንጆ ናት አይደለችም የሚለውን በደንብ አይተሽ ፍረጂ» ብሏቸው። ሔለን የቤቴል ልጅ ናት፣ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንዱ ዓይናቸው ተሠራ፣ ፕላስቲክ ክዳን ተለጠፈበት፣ ዶክተሩም ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት የለም፣ ማሸት የለም፣ እስከ ቀጠሮው ድረስ ማልቀስ የሚባል ነገር የለም አላቸው። ደግፌ ቤት አድርሷቸው፣ ጭነት ተጠርቶ በነጋታው ወጣ።

ከዛ ስልኩ ጠፋ።

ፎቶ ኮፒ ቤት የመጡ ቀን ግድግዳውን እየዳበሱ ብቻቸውን ነው የገቡት። ጥቁር መነጽር፣ ከሥሩ ያቺ ክዳን፣ በነጠላ ሸፈን አድርገዋታል። እኔ ተነስቼ ወንበር ሰጠኋቸው።

«ፀሎቴ፣ የደግፌ ስልክ አይሠራም» አሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ደህና ነው ይለኛል። ደህና ከሆነ ለምን አይደውልም? ማታ ማታ ሳይደውልልኝ የሚያድር ልጅ አይደለም። አንቺ ፈልጊልኝ። አንቺ ካልሽኝ አምናለሁ።»

«እሺ እማማ፣ ቤት ይግቡና ይረፉ። ይዤ እመጣለሁ።»

ሥራዋን ጀመረች። የደግፌ ፌስቡክ ላይ ምንም የለም፣ መጨረሻ የለጠፈው ከመኪናው ጎን ቆሞ ሐብሐብ ሲበላ ነው። ስሙን ጻፈች፣ የታርጋ ቁጥሩን ጻፈች፣ ምንም። የሾፌሮቹ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ደግፌ የት እንዳለ የሚያውቅ?» ብላ ጻፈች። ግሩፑ ጭጭ አለ። ሌላ ጊዜ ስለ ነዳጅ ሲሰዳደብ የሚውል ግሩፕ እኮ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወዬሳ የሚባል ሾፌር በውስጥ መስመር ድምፅ ላከላት።

«እህት፣ ደግፌ ደህና ነው። ካምቢዮው ተበልቶበት በረሃ ላይ ቆሟል። ኔትወርክ የለም። ዕቃ እየጠበቀ ነው።»

«አንድ» አለች ፀሎት። ጆሲጋ ሄድን። ጆሲ የአንዱን ሰውዬ ጺም እየላጨ ነበር። ጥያቄውን ሲሰማ ምላጩን አነሳና ጠረገው። «ደግፌ? ካምቢዮው ተበልቶበት ነው አሉ። በረሃ ላይ። ኔትወርክ የለም።» ነኢማ ሱቅ ስኳር እየመዘነች፣ ቀና ሳትል፣ «ካምቢዮው ነው አሉ፣ ዕቃ እየጠበቀ ነው» አለች። ጋሽ ወልደ አማኑኤል በር ላይ ቆመው አናገሩን፣ ግቡ እንኳ አላሉንም። እሳቸውም ካምቢዮ። ማታ ቤቴ እናቴን ጠየቅኳት። ድስት እያማሰለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ካምቢዮው ተበልቶበት ነው ይባላል» አለችኝ።

አምስት። ፀሎት ሦስት ነበር የምትፈልገው፣ አምስት አገኘች። እየሮጠች ነው እማማጋ የሄደችው። ስም በስም ቆጠረችላቸው። እማማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ዓይናቸውን አስታውሰው በእጃቸው ከደኑት። «ይሄ ጋኔን!» አሉ በመዳፋቸው ውስጥ። «ይሄ ጋኔን፣ ለካስ በረሃ ተጎልቶ ነው!»

ከዛ በኋላ እማማን የሚይዛቸው ጠፋ። ለሠርጉ የሚሆን በርበሬ ማስቀንጠስ ጀመሩ። ክዳኗን እንደለጠፉ፣ በአንድ ዓይናቸው። ሰው ሲያስቆማቸው «ፀሎት አረጋግጣልኛለች» ነው መልሳቸው። እና አንድ ቀን ጋሽ ወልደ አማኑኤልን ቤታቸው አስጠርተው ምን እንዳሏቸው ታውቃላችሁ? ሽማግሌ ሆነው ቤቴል እንዲሄዱ። ሔለንን ለደግፌ እንዲጠይቁ።

እኔ ይሄን የሰማሁ ቀን ሱቅ ቁጭ ብለን ነበር፣ ሥራ የለም፣ መብራትም ሄዷል። ዝም ብዬ ለቀልድ ነው ያልኩት።

«ግን ጆሲ ስለ ካምቢዮ ምን ያውቃል? ሰውዬው ብስክሌት እንኳ መንዳት አይችልም እኮ።»

ፀሎት ሳቀች። ከዛ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ጆሲ። ካምቢዮ አለ። ነኢማም ካምቢዮ አለች። እናቴን ካምቢዮ ምንድነው ብትያት የቤተክርስቲያን ዘማሪ ነው ልትልሽ ትችላለች።»

ፀሎት ስልኳን አወጣችና የወዬሳን ድምፅ መልሳ ከፈተች። ካምቢዮው ተበልቶበት በረሃ ላይ ቆሟል። ኔትወርክ የለም። ዕቃ እየጠበቀ ነው። አንዴ ሰማች፣ ደገመች።

«ኤልናታን» አለችኝ፣ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ «ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ነው ያሉት። አንዱ ሞተሩ ነው፣ አንዱ ጎማው ነው ማለት ነበረበት። አንዱ ደግሞ አላውቅም ማለት ነበረበት። ሰው እኮ ወሬ ሲቀባበል ይቀይረዋል። ያልተቀየረው ስለተጠና ነው። አምስት ምንጭ አይደለም። አንድ ነው።»

የሾፌሮቹን ግሩፕ ከፈተች። የተጻፈ ነገር ሁሉ ጠፍቷል፣ ማለት ስለ ደግፌ አንድ መስመር የለም። ግን የአባላቱን ዝርዝር ወደ ታች ስታወርደው፣ አንዱ ሾፌር ፕሮፋይሉ ሻማ ነው። ሌላውም ሻማ። ሌላውም። መልዕክቱን አጥፍተዋል፣ ፕሮፋይላቸውን ረስተውታል። አንደኛውን ነካችው፣ ትልቅ ሆነ። ከሻማው አጠገብ ደግፌ አለ። ሐብሐቡን እየበላ።

ፀሎት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

ቤት ሄጄ እናቴን አፋጠጥኳት። «እማዬ፣ ካምቢዮ ምንድነው?»

ድስቱን አወረደች። ቁጭ አለች። ማልቀስ ስትጀምር ነው ሁሉንም የነገረችኝ። የእማማ ዓይን በተሠራ ሳምንት መኪናው ከሚሌ አለፍ ብሎ ተገልብጧል። ወዬሳ ከኋላ ሲመጣ ነው ያገኘው። ለጋሽ ወልደ አማኑኤል ነው የደወለው። የእድሩ ጡሩምባ አልተነፋም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። በስልክ ብቻ ተጠራሩ፣ ከትልልቆቹ ውጪ ማንም እንዳይሰማ፣ ወጣቶቹ አፋችን ልቅ ነው ተብለን እኛም እንዳንሰማ። ወንዶቹ ሄደው ከወልቂጤ ማዶ አባቱ ጎን ቀበሩት። እናትየው ግን ከሰማች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ዓይኗ ይጠፋል። ስለዚህ እስከ ሐኪም ቀጠሮዋ ድረስ እንያዝ ተባባሉ። ወዬሳ አንድ ቃል ሰጣቸው፣ ሁሉም አጠኑት።

«አንቺ እኮ አትዋሺም» አልኳት።

«ያልዋሸሁበት ሌሊት የለም መሰለህ?» አለችኝ። «ስጸልይ ጌታን ምን እንደምለው እንኳ ጠፍቶኛል።»

በነጋታው ጋሽ ወልደ አማኑኤል ሱቃችን መጡ። አልተቀመጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሽከረክሩታል።

«አንቺ ልጅ፣ ሰምተሻል አሉ።»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«መርዶ ደረጃ አለው» አሉ። «መጀመሪያ መኪናው ተበላሸ ይባላል። ቀጥሎ ትንሽ አሞታል። ከዛ ሆስፒታል ገብቷል። ከዛ ጠንቶበታል። ሰው እየጠረጠረ፣ ልቡን እያዘጋጀ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዛ ነው ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን የምናረዳው። እንደዛ ነው ወጉ። እሷ እኮ ትንሽ ትንሽ መጠርጠር ጀምራ ነበር፣ እግሯ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነበር። አንቺ አምስት ሰው ቆጥረሽ ሠገነት ላይ አወጣሻት። አሁን ከየት ላይ ነው የምናወርዳት?»

ፀሎት ከንፈሯን ነከሰች። «ለምን ለኔ አልነገራችሁኝም?»

«አንቺማ ለጠየቀሽ ሁሉ ትመልሻለሽ!» አሉ ጋሽ ወልደ አማኑኤል፣ ከዛ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጇን እኔ ነኝ አፈር ያለበስኩት። በእጄ። ትናንት ደግሞ አስጠርታኝ ሚስት ጠይቅለት አለችኝ። ቡናማ ሱሪህን ልበስ፣ ሽማግሌ ሁን አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?»

ማሽኗ አጠገብ ቆሜ ወረቀት የማስተካክል መሰልኩ።

«እኛን አታምነንም አሁን» አሉ ሲረጋጉ። «አሞታል ብንላት ‹ፀሎት እንደዛ አላለችም› ትለናለች። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ትንሽ አሞታል ብቻ በያት። አንድ ደረጃ አውርጂልን። የቀረውን እኛ እናወርዳለን።»

ፀሎት እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። ስለ ታክሲ ፌርማታ እንኳ ያላየችውን የማትናገር ልጅ። ግን ሰውዬውን ስታያቸው፣ ኮፍያቸውን ሲያሽከረክሩ፣ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

ከሰዓት ላይ ሄድን። ብቻዬን አልችልም ብላኝ ነው። እማማ ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ላይ ተቀምጠው ኮረሪማ እየፈለፈሉ ነው፣ ጭንቅላታቸውን ሳያጎነብሱ፣ ሰፌዱን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ በእጃቸው ብቻ። ጣታቸው ሲሠራ ቅርፊቱ ጠሽ ጠሽ ይላል።

«ማነው? ፀሎቴ ናት? ከማን ጋር? ከዛ ከኤልሳቤጥ ልጅ ጋር? አንተ፣ ጺም አብቅለሃል አሉ፣ ዓይኔ ይከፈት ብቻ እፈርድብሃለሁ።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

ፀሎት አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ መሃል ከተተችው።

«እማማ… ደግፌ ትንሽ አሞታል አሉ።»

ጠሽ ጠሽ የሚለው ድምፅ ቆመ።

«ማን አለ?»

ፀሎት መሬት የወደቀ ቅርፊት አነሳች።

«ምንጭሽ ማነው ፀሎቴ?»

እማማ ይሄን ቃል ሲሉ እኔ ደነገጥኩ። የሷን ቃል ነው የመለሱላት፣ ግን ክፋት የለበትም፣ ዝም ብለው ነው የጠየቋት። ፀሎት አፏን ከፈተች። ጋሽ ወልደ አማኑኤል ማለት ትችል ነበር፣ ወዬሳ ማለት ትችል ነበር። እኔ በልቤ በያ፣ አንድ ስም በያ እላለሁ። አልወጣትም።

«ካምቢዮው የተበላሸ ቀን አምስት ሰው ቆጥረሽልኝ ነበር» አሉ እማማ። «ስም በስም። ዛሬ አንድ እንኳ የለሽም?»

ከሩቅ የሆነ ቤት ሬዲዮ ይሰማል። ፀሎት እንባዋ እየወረደ ነው ግን ድምፅ አላወጣችም፣ እንዳያዩዋት። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳበሱት። እርጥቡን አገኙት።

«መቼ ነው?» አሉ።

«እማማ…»

«መቼ ነው ያልኩሽ።»

«ዓይንዎ በተሠራ ሳምንት።»

ያን ጊዜ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ፊታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ፣ ወደ ሰማይ፣ አፋቸውን ከፈቱና መተንፈስ ጀመሩ። በአፍ ብቻ። ሩቅ ሮጦ እንደመጣ ሰው። እንባው እንዳይመጣ እኮ ነው። ሁለት እጃቸው ሰፌዱን ይዞታል።

«ቀበሩት?»

«አባቱ ጎን።»

«ያለኔ?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። «ይሁን። አባቱ ጎን ከሆነ ጥሩ።»

ፀሎት እግራቸው ላይ ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ደህና ነው ብዬ፣ እኔ ነኝ…»

«ተነሺ። አፈር ነው፣ ቀሚስሽ ይበላሻል።» ጎትተው አስነሷት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆየ። «ከሌላ ሰው ስልክ እንኳ አይደውልም? እያልኩ እኮ ነበር ለራሴ። በረሃስ ቢሆን ሰው አያልፍም? ታዲያ አንቺ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። ማመን ስለፈለግኩ ነው ያመንኩሽ። ያቺ ሳምንት ለኔ ትልቅ ሳምንት ናት። ልጄ በረሃ ላይ ተጎልቶ ዕቃ ሲጠብቅ የነበረባት።»

እኔ ወደ በሩ ዞርኩ። ቆሜ መስማት አልቻልኩም።

«ወልደ አማኑኤል ነው የላከሽ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

«አዎ።»

«ምስኪን። ሚስት ጠይቅለት ስለው እኮ ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። እርጅና ነው ብዬ።» የፀሎትን እጅ ያዙ። «ስሚ። ይቺን ዓይን እሱ ነው ያሠራልኝ፣ አደራው ናት። እስከ ቀጠሮዬ አላለቅስም። እነሱም ለዚህ ብለው ነው የተሸከሙት፣ ከኔ ደብቀው። እንዳትነግሪያቸው። ሲደርስ ይምጡና ያርዱኝ። የለፉበት ነው።»

ሰፌዱን አስተካከሉ። ጠሽ ጠሽ የሚለው ድምፅ ተመለሰ። ስንወጣም ይሰማል።

ከዛ በኋላ ያለፉት ቀናት እንዴት እንደነበሩ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? እናቴ ሾርባ ይዛ ሄዳ «እንዴት ነው፣ ተሻለው አሉ?» ትላለች እማማ ወርቅዬን። እማማ «አይ፣ ፀሎት ትንሽ አሞታል ብላኛለች፣ ምን አባቱ በልቶ ይሆን?» ይላሉ። እናቴ ቤት መጥታ ታለቅሳለች። ነኢማ ደግሞ ሆስፒታል ገብቷል የሚለውን ደረጃ ነገረቻቸው። ጆሲ ጠንቶበታል የሚለውን። እማማ ሁሉንም በተራ ተቀበሉ። «እግዚኦ» ይላሉ በየቦታው፣ ልክ ማለት ባለባቸው ቦታ። ሰፈሩ በሙሉ እሳቸውን ያታልላል፣ እሳቸው ደግሞ ሰፈሩን። መሃል ላይ እኔና ፀሎት አለን፣ ሁለቱንም የምናውቅ። አንድ ቀን እማማን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጆሮዬ ላይ «ዛሬ ጆሲ ሊያለቅስ ነበር፣ እኔ ነኝ ቶሎ የሸኘሁት» አሉኝ።

ፀሎት ሱቅ ውስጥ ዝምተኛ ሆነች። ሰው ሲጠይቃት ትፈልጋለች፣ ትመልሳለች፣ ግን «ምንጭህ ማነው?» የምትለውን ትታዋለች።

የቀጠሮው ቀን ዶክተሩ ክዳኗን አነሳ። ጎበዝ፣ ድኗል አላቸው። እናቴ ነበረች አብራቸው የሄደችው። በታክሲ ሲመለሱ እማማ በመስኮት የሱቆቹን ጽሑፍ ጮክ ብለው እያነበቡ ነው የመጡት አለችኝ፣ አንድ በአንድ፣ ፋርማሲ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ የውበት ሳሎን። ልክ እንደ ልጅ። «ደስ ብሏት ነው» አለችኝ እናቴ። እኔ ወጥቼ ፀሎትጋ ሄድኩ።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ሄድን። ሁላችንም። ጋሽ ወልደ አማኑኤል ከፊት፣ ጋቢያቸውን ደርበው። ወዬሳ መጥቷል፣ ትልቅ ሰውዬ ነው ለካ፣ ከኋላ ተደብቆ ቆሟል። ሔለን ጥቁር ለብሳለች። እስከ በሩ ድረስ ማንም አላስነጠሰም። ጋሽ ወልደ አማኑኤል አንኳኩ።

እማማ ቶሎ ነው የከፈቱት። ለብሰዋል። ፀጉራቸው ተሸፍኗል። አልጋቸው ተነጥፏል፣ ከኋላቸው ይታየኛል። በተሠራው ዓይናቸው አንድ በአንድ አዩን። ጆሲን፣ ነኢማን፣ እናቴን። ሔለን ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ረጅም ጊዜ አዩዋት። እየፈረዱ ነበር መሰለኝ።

«ወርቅዬ» አሉ ጋሽ ወልደ አማኑኤል፣ «እንግዲህ የሰው ልጅ…»

አላስጨረሷቸውም። ያንን ሁሉ ጊዜ የያዙት አንድ ላይ ወጣ። ጩኸት ብዬ ልጻፈው እንዴ? ጩኸት አይደለም። ቤቱ ራሱ የተነቀለ ነው የመሰለኝ። «ደግፌ! አንተ ጋኔን! አንተ ጋኔን!» ይላሉ። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው። ጡሩምባው የዛን ጊዜ ነው የተነፋው፣ ዘግይቶ፣ ሰፈሩን ሁሉ ዞረ።

ድንኳኑ ሥር ማታ ላይ እናቴ ዓይኗ አብጦ አጠገቤ ተቀመጠች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ፣ «እርሟን በደህና ዓይን አወጣች። ምንም ሳትጠረጥር።»

«አዎ» አልኳት።

ድንኳኑ ከተነሳ ሰንበትበት ካለ በኋላ እማማ ፎቶ ኮፒ ቤት መጡ። ግድግዳ አልዳበሱም። ቆመው ታፔላችንን አነበቡና «ፊደሏ ጠማማ ናት» ብለው ገቡ። ፀሎት ከወንበሯ ተነሳች። እሳቸው ተቀመጡ።

«ያ ቦታ የት ነው?» አሉ። «የወደቀበት። ወንዶቹን ብጠይቅ ሩቅ ነው ሩቅ ነው ነው የሚሉኝ። አንቺ አሳዪኝ።»

ፀሎት ስልኳን አነሳች። ከዛ ወዬሳጋ ደወለች፣ ቦታውን በደንብ ጠየቀችው። ከሚሌ በኋላ ስንተኛው ድልድይ፣ ግራ ነው ቀኝ፣ ምን ይታያል። በሌላ ስልክ ሌላ ሾፌር ጠየቀች። ከሱ ቀጥሎ ሌላ። ሦስተኛው ሰው ሲነግራት ስልኳ ላይ ካርታውን ከፈተች፣ ከሰማይ የተነሳውን፣ ስክሪኑን ወደ እማማ አዞረችው። ቡናማ መሬት ነው። በመሃሉ አንድ ቀጭን መንገድ፣ አንድ ጠመዝማዛ። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም።

«እዚህ ጋ ነው እማማ። እርግጠኛ ነኝ።»

እማማ ጠጋ ብለው አዩ። መነጽር የለ፣ ክዳን የለ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዛ ጣታቸውን አንስተው ጠመዝማዛውን ነኩት፣ ቀስ ብለው፣ ፊት እንደሚዳብሱ። ካርታው ተንሸራተተ። ስክሪኑ በመነካት የሚሠራ መሆኑን አላወቁም። በረሃው ሮጠ፣ መንገዱ ሮጠ፣ ሌላ አገር መጣ።

«ጠፋ!» አሉ እማማ፣ እጃቸውን ሰብስበው። «ፀሎቴ፣ ጠፋብኝ እኮ!»

«አይጠፋም እማማ» አለች ፀሎት፣ «ቆይ፣ እመልሰዋለሁ።»

እና መለሰችው። እማማ እንደገና ነኩት፣ እንደገና ሸሸ። እንደገና መለሰችው። ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ በሩ ላይ ቆሟል፣ እኔ በእጄ ቆይ አልኩት።